ሼህ ይመር የተቀመጡ ዕለት

ጡረታ ስወጣ ጋቢ ሸለሙኝ። «ዕድሜ ልኬን ለሰው ብርድ ልብስ ሳድል ኖሬ በመጨረሻ ለእኔም ደረሰኝ» ብዬ ስስቅ፣ የስንብቱን ንግግር የሚያደርጉት አለቃ ያላገጥኩባቸው መስሏቸው ፊታቸው ቅጭም አለ። እንግዲህ ምን ላድርግ። የአለቃ ፊት ሲቀያየር መደንገጥ ከተውኩ ቆየሁ።

ካሠለጠንኳቸው ልጆች አንዷ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ መሰሉ፣ አውሮፕላን ላይ ፈርተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ያልፈራ ሰው እዚያ ላይ ምን ይሠራል?» አልኳት።

ልጅቷ በዚህ አልተሸኘችም፤ ቆማ ጠበቀችኝ። አዳራሹ ተጨናንቆ ነበርና ሌላ ቀን ብዬ ገላገልኳት። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ይኸው ጋቢዬን ደርቤ የምጽፈው ለእሷ ነው።

ያደግኩት ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ነው። አባቴ ገብረ ማርያም የአቀስታ ሰው ሲሆን፣ ከአቀስታና ከከላላ ገበያ በቅሎ እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ ሣር የበቀለበት ሜዳ ነው። አውሮፕላኗ ስትመጣ ዘበኛው ከብቱን ያባርራል፤ ከሄደች በኋላ ከብቱ ይመለሳል። ሰው ሁሉ ወርዶ ያያታል፤ እኔም አያት ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ሕልም አልነበረኝም። አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ማስታወቂያ ወጣ፤ ተፈተንኩ፤ ሆስተስ ሆንኩ። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ገና እግሩን እየተከለ ያለበት ጊዜ ነው። ደሞዙ ለወሬ አይበቃም፤ ለእናቴ ስኳርና የሌሊት ልብስ ለመላክ ግን ይበቃ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ ሰብለ ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲቆጡ ደግሞ ጭራሽ ዝቅ የሚል ሴት ነበሩ። ቀበቶ በዓይን አይተው አያልፉም። በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ወገብ ላይ ሁለት ጣታቸውን ከቀበቶው ሥር ሰደድ አድርገው ሳብ ያደርጉታል፤ ሰፋ ካለ ያጠብቁታል፤ ሚኒስትርም ይሁን ገበሬ አይምሩም። በሁለት እጄ ዕቃ ይዤ ካዩኝ አለቀልኝ። አውሮፕላን ሲናጥ አንድ እጅሽ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል ይሉኛል። አንድ ቀን በሁለት እጄ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዤ ስሄድ አንዱን ነጥቀው እዚያው ቆመው ጠጡት። ተሳፋሪው ሻዩን ሲጠብቅ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በር ላይ ሲቆሙ ነው። ሰው ሲገባ ፊቱን ያጠናሉ። ማን እንደሚፈራ፣ ማን እንደሚያስቸግር፣ በር ክፈት ቢባል ማን አቅም እንዳለው ገና ሳንነሳ ይነግሩኛል። «አውሮፕላኑን ካፒቴኑ ይነዳዋል» ይሉኝ ነበር። «ሰዉን የሚነዳው ግን ከመሃላቸው የተቀመጠ አንድ ሰው ነው። ሰው ሁሉ ከመቀመጡ በፊት የማንን ፊት እንደሚያይ ተመልከቺ። ያን ሰው ካላገኘሽው ጩኸትሽ ለራስሽ ነው።»

እሺ እል ነበር። እሺ ማለትና መስማት ግን ይለያያል። እኔ በዚያን ጊዜ ዩኒፎርሜ ያምርብኛል፣ አፌን አዲስ አበባ አድርጌዋለሁ፣ የአገሬ ሰው ሲያናግረኝ እንኳ በሆስተስ አፍ ነው የምመልሰው። እትዬ ሰብለ ይህን አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ከየት እንደመጣሽ ሳትነግሪኝ ነው እንዴ የቀጠሩሽ?» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ኋላ ወደ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ተዛውሬ የአረብ አገሩን መስመር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የወሎ ልጆች ተደርድረው ሲሄዱ ቀበቶ አስሬላቸዋለሁ፤ ሲመለሱም ተቀብያቸዋለሁ። ስለ እነሱ ብዙ የምጽፈው አለኝ። የልጅቷ ጥያቄ መልስ ያለው ግን ከዚያ በፊት፣ በትንሿ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የአገር ውስጥ መስመር ስሠራ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር፤ ከቀትር በኋላ። ከአዲስ አበባ ወደ መካነ ሰላም ነን። ተሳፋሪው ሃያ አይሞላም፤ ነጋዴ አለ፣ ለሕክምና ሄዶ የሚመለስ አለ፣ ከጅዳ የመጣች ከድጃ የምትባል ልጅ አለች። ከድጃ ሰው ቤት ስትሠራ ዓመታት ቆይታ መመለሷ ነው፤ ጭኗ ላይ የያዘችውን ቦርሳ ከላይ ላስቀምጥልሽ ስላት እንቢ አለችኝ። ለእናቷ የገዛችው ሽቶ ስላለበት እንዳይሰበር ነው።

ሊገቡ ሲሉ አንድ ነገር አየሁ። ዝናብ ያካፋል፤ ሰዉ ግን ክንፉ ሥር ቆሞ አልገባም አለ። ለካ ሼህ ይመርን እየጠበቀ ነው። ሼህ ይመር የቦረና ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ጉልበታቸውን ታክመው መመለሳቸው ነበር። በምርኩዝ ቀስ ብለው ወጡ፤ ጉልበታቸው አላጠፍ ስላለ ከኋላ ባለው በር አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰዉ ከዚያ በኋላ ነው የገባው፤ እያንዳንዱ ሲያልፍ ጎንበስ እያለ። እኔ ሰዓቱ ሄደ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እትዬ ሰብለ ቢኖሩ ኖሮ ማንን እንዳገኙ ወዲያው ያውቁ ነበር።

የወንጭትን ሸለቆ እስክናልፍ ደህና ነበርን። ከላላን አለፍ ስንል ከዓባይ በኩል ጥቁር ደመና ተነስቶ መጣብን። ካፒቴን አበራ ሊዞረው ሞከረ፤ በዞረበት በኩል ሌላ ጠበቀው። ከዚያ በረዶው ጀመረ። ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ሲደፋ እንደሚሰማው ነው፤ አጠገብሽ ያለ ሰው የሚለው አይሰማም። አውሮፕላኗ ዝቅ ከፍ ስትል የወንበር ጫፍ ይዤ ቆምኩ። አንድ ነጭ የመብረቅ ብርሃን መስኮቱን ሁሉ ሞላው፤ የቀኙ ሞተር ሳል እንደያዘው ሰው ተንቀጥቅጦ ዝም አለ።

ካፒቴኑንና እኛን የሚለየን መጋረጃ ብቻ ነው። ገልጬ አንገቴን አስገባሁ። ካፒቴን አበራ ብዙ የማያወራ፣ ሲጨንቀው ከንፈሩን የሚልስ ሰው ነበር።

«ቀኙ ሄዷል» አለኝ ሳይዞር። «በአንድ ሞተር ወደ ኋላ ተመልሰን ያለፍነውን ተራራ አንሻገረውም። መካነ ሰላም ላይ ነው የማሳርፋት፤ ሌላ ቦታ የለንም። ሰዉን አጥብቀሽ እሰሪልኝ።»

«እሺ ካፒቴን» ብዬ ዞር ስል ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። ሼህ ይመር ቆመዋል። በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ አንድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀምረዋል። የሞተሩና የበረዶው ድምፅ ቁጭ ብለው ቢሉት አያሰማም፤ ለዚያ ነው የቆሙት። ሰዉ ደግሞ ሼሁ ቆመው እንዴት ይቀመጥ? እኛ አገር ትልቅ ሰው ቆሞ መቀመጥ ነውር ነው። አንዱ ቀበቶውን ፈታ፤ ሌላው ፈታ፤ ሁሉም ፈታ። ሁሉም ተነስቶ፣ ዱዓውን ለመስማት ወደ ኋላ፣ ወደ ጅራቷ ሄዶ ተሰበሰበ። ከፊት ያሉት ወንበሮች ባዶ ቀሩ።

ጮህኩ። የሆስተስ ትምህርት ቤት እንዳስተማሩኝ፣ እጄን አንስቼ፣ በዚያ በአዲስ አበባ አፌ፣ «ተቀመጡ! ቀበቶ እሰሩ! ሽማግሌው፣ ይቀመጡ!» እያልኩ ጮህኩ። አንድም ሰው አልተቀመጠም። ጭራሽ ተቆጡኝ።

«ለሼህዬ ነው እንዲህ የምትጮኺው? አሳዳጊ የለሽም?» አለኝ አንድ ወፍራም ነጋዴ።

«ሁላችሁም ልትሞቱ ነው፤ ቁጭ በሉ» አልኩ።

«እሳቸው ቆመው ተቀምጬ ከምሞት ቆሜ ልሙት» አለና ጀርባውን ሰጠኝ።

እኔም እልህ ያዘኝ። ክንዱን ይዤ ወደ ወንበር ጎተትኩት፤ እሱ አልነቃነቅ አለ። ስንጓተት አውሮፕላኗ ወረደች። ወረደች ስል፣ ወለሉ ከእግራችን ሥር ሸሸ ማለቴ ነው። የቆመ ሰው ሁሉ ጣራ ነክቶ ተመለሰ። ከድጃ የእናቷን ሽቶ እንዳቀፈች ተወርውራ በትከሻዋ የወንበሩን ብረት መታች። የአጥንቱ ድምፅ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ተሰማኝ። ልጅቷ ፊቷ ነጣ ብሎ አየችኝ። ስንት ዓመት ሰው አገር፣ ሰው ቤት ስትለፋ ያልተሰበረች ልጅ፣ አገሯ ሰማይ ላይ፣ እኔ ከነጋዴ ጋር ስጓተት ተሰበረች። ትከሻዋ ኋላ ድኗል፤ ከባድ ነገር ግን አታነሳም ሲሉ ሰምቻለሁ። ያ ያናድደኛል፤ ዛሬም ያናድደኛል።

ካፒቴኑ በመጋረጃው በኩል ጮኸ። «መሰሉ! ጅራቷ ከበደኝ። ሰዉ ምን ሆኖ ነው ወደ ኋላ የሄደው? ወደ ቦታው ካልተመለሰ አፍንጫዋን ላወርዳት አልችልም። እንዲህ ሆና አላሳርፋትም።»

ያን ጊዜ ነው የእትዬ ሰብለ ነገር የገባኝ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ሰው ነው። ሼህ ይመር ከተቀመጡ ይቀመጣል፤ ካልተቀመጡ ሁላችንም ገደል ነን። እሳቸውን ደግሞ በጩኸት አይደለም የሚያስቀምጧቸው።

ከወንበር ወንበር እየያዝኩ፣ በሰዉ እግር መሃል ሾልኬ ደረስኩባቸው። ወለሉ ላይ ተንበረከክኩና ጉልበታቸውን ያዝኩ። የሆስተስ አፌን እዚያው ጣልኩት። እኛ አገር ትልቅ ሰው አንድ ቢሆንም «እናንተ» ነው የሚባለው፤ አባቴን እንደማናግረው አናገርኳቸው።

«አባባ፣ እግራችሁ ሥር ነኝ። አንድ ጊዜ ስሙኝ።»

ዱዓቸውን ገታ አድርገው ወደ ታች አዩኝ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

በረዶ ይወርዳል፣ ሞተር ጠፍቷል፣ ሰው ተሰብሯል፤ እሳቸው የማን ልጅ እንደሆንኩ ይጠይቁኛል። ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። ግን መልስ ሳልሰጥ እንደማያዳምጡኝ አውቃለሁ፤ አገሬ ነው።

«የአቀስታው ገብረ ማርያም ልጅ ነኝ፤ የበቅሎ ነጋዴው።»

«የገብሬ?» አሉ። «በቅሎ ሸጦልኛል። ደህና በቅሎ ነበረች። ምን ልትይኝ ነው?»

«አባባ፣ እናንተ ስለቆማችሁ ሰዉ ሁሉ ቆሟል። ሁሉም እዚህ ስለተሰበሰበ አውሮፕላኗ በኋላዋ ከብዳለች፤ ካፒቴኑ ሊያሳርፋት አልቻለም። ቁጭ በሉልኝ። እናንተ ከተቀመጣችሁ ይቀመጣሉ።»

«ልጄ፣ ቁጭ ብዬ ድምፄ አይወጣም። እነዚህ ሰዎች ፈርተዋል። ዱዓውን ካልሰሙ በፍርሃት ያልቃሉ።»

እውነታቸውን ነው። ያንን ደግሞ ትምህርት ቤት አላስተማረኝም። «እናንተ ቀስ ብላችሁ ንገሩኝ፤ ለሰዉ እኔ አሰማላችኋለሁ» አልኳቸው። «መጮህ እንደሁ ሥራዬ ነው።»

ቀና ብለው ሰዉን አዩ፤ ከድጃን አዩ፤ እኔን አዩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ ማተቤን አይተዋል። «አብሽሪ» አሉኝ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። ምርኩዛቸውን ሰጡኝና ያን የማይታጠፍ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እያቃሰቱ ቁጭ አሉ። ከዚያ ለሰዉ በእጃቸው ወደ ፊት አሳዩት። «ሂዱ። የገብሬ ልጅ ባለቻችሁ ቦታ ተቀመጡ።»

ሌላ ቃል አላስፈለገም። ያ የሰደበኝ ነጋዴ ቀድሞ ሄዶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹም እየተደጋገፉ ወደ ፊት ሄዱ። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ዝቅ ስታደርግ በእግሬ ሥር ተሰማኝ። ከድጃን ከሼህ ይመር አጠገብ አስቀምጬ ክንዷን በአንገት ልብሴ ከደረቷ ጋር አሰርኩት። ከዚያ ሁለት ጣቴን በየሰዉ ቀበቶ ሥር እየሰደድኩ ሳብ አደረግኩ። ነጋዴው ጋ ስደርስ ሳልጠይቀው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ሆዱን አሳነሰልኝ። ተመልሼ ከሼህ ይመር ፊት ለፊት ያለችው ትንሿ ወንበሬ ላይ ራሴን አሰርኩና «በሉ አባባ» አልኳቸው።

«ያ ረቢ፣ አውቀህ የሰቀልከንን አውቀህ አውርደን» አሉ በቀስታ።

እኔ ባለኝ ጉሮሮ አሰማሁት። «አሚን» አለ ሰዉ።

«ልጆች የሚጠብቁን አሉ፤ ያ ረቢ፣ ለልጆቻችን ስትል።»

አሰማሁ። «አሚን።»

በመስኮቱ ከደመናው ሥር አረንጓዴ መሬት ብልጭ ሲል አየሁ። ማረፋችን ነው። ሰዉ ግን መዳፉን ዘርግቶ ቀና ብሎ ነው የተቀመጠው፤ እንዲህ ሆኖ ብንመታ አንገቱ ይቀጫል። ሼህ ይመር «ያ ረቢ፣ ለመንንህ» ሲሉኝ እኔ የራሴን ጨመርኩበት። «ያ ረቢ፣ ግንባራችንን ፊታችን ባለው ወንበር ላይ ደፍተን፣ እጃችንን ራሳችን ላይ አድርገን ለመንንህ» ብዬ ጮህኩ። ሼህ ይመር በዓይናቸው ጠየቁኝ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ አሳየኋቸው። ገባቸው። ግንባራቸውን ደፉና ራሳቸው በድጋሚ አሉት፤ «ግንባራችንን ደፍተን ለመንንህ።» ያ ሁሉ ራስ አንድ ላይ ጎንበስ አለ።

ጎማው መሬት ሲነካ ነጠረ፤ እንደገና ነካ። ሜዳው ጭቃ ነበር። ተንሸራተትን፤ የሜዳውን ጫፍ አልፈን የሰው ገብስ ውስጥ ገባን። አንድ ነገር ከሥራችን ተሰበረ፤ ዘመም ብላ ቆመች። ከዚያ የነዳጅ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

በሩን ከፈትኩ። ሰዉ ግንባሩን እንደደፋ ነው፤ ማንም ቀና አላለም። አሁን ማንን እንደማናግር አውቃለሁ። «አባባ፣ ነዳጅ እየፈሰሰ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ውረዱ፤ አለበለዚያ ማንም አይወርድልኝም» አልኳቸው። ሼህ ይመር ተነሱ፤ ሰዉም ተነሳ። ነጋዴው ከፊት መጥቶ እሳቸውን አዝሎ ወረደ። ከድጃን ሁለት ሰዎች ደግፈው አወረዷት። ሌላው ሳይጋፋ፣ ሳይጮህ፣ ተራውን ጠብቆ ወረደ። ካፒቴን አበራና ረዳት አብራሪው በፊት በኩል ወጡ። እኔ በየወንበሩ ሥር አይቼ፣ ማንም አለመቅረቱን አረጋግጬ መጨረሻ ወረድኩ። የከድጃን ቦርሳ ወለሉ ላይ አግኝቼ ይዤላት ወጣሁ፤ ሽቶው አልተሰበረም።

ሰዉ ከአውሮፕላኗ ራቅ ብሎ፣ ገብሱ ዳር፣ ዝናብ ላይ መሬት ቁጭ ብሏል። ከከተማው ሰው እየሮጠ ይመጣል። እኔ ጫማዬ አንዱ ጠፍቷል፤ ድምፄ ተዘግቷል። ያኔ ነው የፈራሁት። ልጄ፣ ጥያቄሽ እሱ ከሆነ፣ በእርግጥ የፈራሁት መሬት ከረገጥኩ በኋላ ነው። ሳለቅስ እንዳያዩኝ ፊቴን አዞርኩ።

ዞሬ ስመለስ ሼህ ይመር ምርኩዛቸውን ጭቃው ላይ ተክለው ለመነሳት ይታገላሉ። ያ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ሲቀመጡ አስቃስቷቸው ነበር፤ አሁን ደግሞ አልዘረጋ ብሎ ያስቃስታቸዋል። ነጋዴው ሊደግፋቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት። ብቻቸውን ቆሙ። ወደ እኔ ነው የሚያዩት።

«ኖር፣ ልጄ» አሉኝ።

ኖር የሚባለው ለትልቅ ሰው ነው። ሽማግሌ ለልጅ፣ ያውም ለሴት ልጅ ሲነሳ አይቼ አላውቅም። እሳቸው ሲነሱ ያ ሁሉ ሰው ተነሳ፤ ከድጃ እንኳ በደህናው እጇ ሰው ይዛ ተነሳች።

«በእግዜር፣ አባባ» አልኩ፣ በተዘጋ ድምፄ። «ጉልበታችሁ ታሟል፤ ተቀመጡ እንጂ።»

«አሁንስ አልታዘዝሽም» አሉኝ፤ ዝናቡ እየወረደባቸው፣ እስክቀመጥ ቆመው ጠበቁኝ።